ከጊታር ወደ ቤዝ ማለፍ «መውረድ» ነው?

ጥያቄው፦ «ሦስት ዓመት ጊታር ተጫውቻለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ባቋቋምነው ባንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በአንድ ሆቴል እንጫወታለን። ቤዝ ተጫዋቻችን ወደ ውጭ አገር ሄደ። ልጆቹ ‹አንተ ጊታር ስለምትችል ቤዙን ያዝ፤ ጊታር የሚጫወት ሌላ ልጅ አግኝተናል› አሉኝ። ለእኔ መውረድ ሆኖ ተሰማኝ። ጊታር ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ከድምፃዊው ጋር ይነጋገራል። ቤዝ ግን ዱም ዱም ከማለት ውጭ ስሜት ሲገልጽ ሰምቼ አላውቅም፤ በስልኬ ዘፈን ስሰማ መኖሩም አይታወቀኝም። ለመሆኑ ቤዝ ስሜት መግለጽ ይችላል? ከጊታር በምን ይለያል? ልቀበል ወይስ እምቢ ልበል? ከተቀበልኩስ ባለ አምስት ክር ልግዛ?»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ ስልክህን ከምስክርነት እናውጣው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው 55 ጊዜ። እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ ለማሰማት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል። የጥፍር ያህል የሆነች የስልክ ስፒከር ይህን አትችልም። እሷ የምታሰማህ ከዋናው ድምፅ በላይ አብረው የሚወጡትን ቀጫጭን ድምፆች ነው፤ የጎደለውን መሠረት አእምሮህ ከእነሱ ተነሥቶ በግምት ይሞላዋል። እስከ ዛሬ የፈረድከው በቤዝ ላይ ሳይሆን በዚህ ግምት ላይ ነው። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ተዋስና የምትወደውን ዘፈን እንደገና ስማ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

ጥፋቱ የስልኩ ብቻ አይደለም። አንድ ኪቦርድ ሙሉ ባንድን በተካባቸው ዓመታት በወጡ ብዙ ካሴቶች ላይ ቤዙ የሚመጣው ከኪቦርዱ ግራ እጅ ወይም ቀድሞ ከተሞላ ማሽን ነበር። እያንዳንዱ ድምፅ እኩል ርዝመት፣ እኩል ጉልበት አለው። ይህን እየሰማ ያደገ ሰው «ዱም ዱም» ቢለው አልፈርድበትም። ከዚያ በፊት ወደተሠሩት ተመለስ። አይቤክስንና ሮሃ ባንድን ውሰድ፤ ሰላም ሥዩም ጊታሩን፣ ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን የያዙበትን አንድ ሥራ ምረጥና ሦስት ጊዜ ስማው። በመጀመሪያው ድምፃዊውን፣ በሁለተኛው ጊታሩን፣ በሦስተኛው ቤዙን ብቻ ተከተል። በሦስተኛው ላይ ብዙ ተማሪዎቼ ካሴቱ የተቀየረ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ልዩነቱ። ጓደኞችህ «ጊታር ስለምትችል ቤዝ ትችላለህ» ያሉህ በከፊል እውነት ነው። የቤዝ አራቱ ክሮች ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ናቸው፤ የጊታርህ አራት ወፋፍራም ክሮች አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ሚ እስከ ቀጣዩ ሚ ያለው ርቀት) ዝቅ ብለው ማለት ነው። ስለዚህ ጣትህ ቦታውን በአንድ ሳምንት ያገኘዋል። የማያገኘው ሌላ ነገር ነው። የተለመደው ጊታር ክሩ የሚርገበገብበት ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የቤዝ 86 ነው። የጊታርህ ቀጭን ክር ሩብ ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው፤ ጎትተህ ስታጥፋት ድምፁ እንደ ሰው ሲቃ ከፍ ይላል። የቤዙ ወፍራም ክር ከሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ እሱን አጥፈህ ለማስለቀስ ብትሞክር የሚያለቅሰው ጣትህ ነው።

ጊታር ያለቅሳል ማለትህ ግን ስሜታዊነት ብቻ አይደለም፤ ምክንያት አለው። የጊታር ድምፅ ከ82 ርግብግቢት ተነሥቶ እስከ 1,100 አካባቢ ይወጣል። ይህ ከወንድ ወፍራም ድምፅ እስከ ሴት ቀጭን ድምፅ ያለውን የሰው ዜማ ክልል ይሸፍናል ማለት ይቻላል። ጆሯችን እዚያ ክልል ውስጥ የሚታጠፍ፣ የሚንሸራተት፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሲሰማ ከኋላው ሰው ይፈልጋል። በዚያ ላይ ጊታር ስድስት ድምፅ በአንድ ጊዜ መምታት ይችላል። ቤዝ ወደ ታች ሲወርድ ሁለት የተቀራረቡ ድምፆችን አብሮ ቢያሰማ ይጋጫሉ፤ የሚሰማህ ኮርድ ሳይሆን ጉርምርምታ ነው። እንግዲህ ቤዝ ሦስት ነገሮችን ተነፍጓል፤ ክር ማጠፍን፣ ኮርድንና የሰውን የድምፅ ክልል። ስሜት መግለጽ ማለት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ከሆኑ አንተ ልክ ነህ፤ መልሴም እዚህ ላይ ያበቃል።

አይደሉም። ዝቅ ያለና ጥቂት ድምፅ ስሜት የለውም የሚለውን ከሌላ አገር ሰው ብሰማው ብዙም አልደነቅም፤ የበገና አገር ልጅ ሲለው ግን ይገርመኛል። በዐቢይ ጾም የዓለሙ አጋን በገና ሰምተህ ታውቃለህ? ዐሥር ክር ያለው፣ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ በየክሩ ሥር ገብታ ድምፁን የምታስነዝረው መሣሪያ ነው። ጥቂት ድምፆችን ይመላለስባቸዋል፤ ሩጫ የለውም፤ ማጠፍም ኮርድም የለውም። የሰማው ሰው ግን አንገቱን ያቀረቅራል። በገና ቤዝ ጊታር አይደለም፤ ሥራውም ሌላ ነው። ብቻ «ስሜት የሚመጣው ከፍ ካለውና ከብዙው ድምፅ ነው» የሚለውን ሐሳብህን ለማፍረስ እሱ ይበቃኛል።

ጊታር ስሜቱን ራሱ ይናገራል። ቤዝ የሌሎቹን ንግግር ትርጉም ይቀይራል። ይህን በቃል ከማስረዳህ በእጅህ ብትሞክረው ይሻላል። አዲሱን የጊታር ልጅ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ የሚሉትን አምስት ድምፆች ብቻ እየተመላለሰ፣ በፈለገው ቅደም ተከተል፣ በዝግታ እንዲጫወት ንገረው። አንተ ቤዙን ያዝና ባዶውን የላ ክር በየመስፈሪያው መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ምታ። ግራ እጅህ ሥራ የለውም፤ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ትዝታ ማይነር ይሰማል። አሁን ለጊታሩ ልጅ ምንም ሳትናገር ከላ ወደ ባዶው የሚ ክር እለፍ። እሱ የሚጫወታቸው አምስቱ ድምፆች እነዚያው ናቸው፤ ቅኝቱ ግን አምባሰል ሆነ። ቀድሞ መንገደኛ የነበረችው ሚ ቤት ሆነች፤ ፋ ከላይዋ ተደግፋ ወደ እርሷ መውደቅ ትፈልጋለች፤ ላ ደግሞ ማረፊያነቷን ተቀማች። የጊታሩ ልጅ ፊቱን ወደ አንተ ካላዞረ ጆሮውን ያስመርምር።

ትዝታ ማይነርና አምባሰል እነዚህን አምስት ድምፆች ይጋራሉ፤ የሚለያቸው የትኛዋ ላይ ይታረፋል የሚለው ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን ብትወስድም ያው ነው፤ ቤዙ ዶ ላይ ሲቀመጥ ትዝታ ሜጀር፣ ላ ላይ ሲቀመጥ ባቲ ማይነር ትሰማለህ። ባንዱ ውስጥ አንድ ጣት አንሥቶ የአራት ሰዎችን ቅኝት የሚያዞር ሌላ መሣሪያ የለም። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቅኝት የድምፆች ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱ የዜማ አካሄድና አዘጋግ አለው። ድምፃዊቷ ስንኟን ላ ላይ ዘግታ እያረፈች አንተ ከሥር ሚን ብትይዝ ዘፈኑን ወደ አምባሰል አልቀየርከውም፤ ከእሷ ጋር ጠብ ጀመርክ እንጂ። ሙከራው ኃይልህን እንድታውቅ ነው፤ ቅዳሜ ማታ እንግዳ ፊት እንድትሞክረው አይደለም።

በአንድ ዘፈን ውስጥም ይህ ኃይል በትንሹ ይሠራል። ድምፃዊው በስንኙ መጨረሻ ሚን ረዘም አድርጎ ያዘ እንበል። ከሥሩ ዶን ብታስገባ አድማጩ ተንፈስ ይላል። ላን ብታስገባ ያው የድምፃዊው ሚ ያዝናል። ምንም ካልመታህ ደግሞ ሰውየው ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ይቆማል። ያ ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል።

ስለ ዝምታ ካነሣን አይቀር፣ ጀማሪዎች የሚስቱት የቤዝ ትልቁ መግለጫ የድምፁ ማብቂያ ነው። ጊታር ተጫዋች የሚያስበው ክሩን መቼ ልምታ ብሎ ነው። ቤዝ ተጫዋች መቼ ልዝጋው ብሎም ማሰብ አለበት። አንድ ጊዜ ባቀናበርኩት የችክችካ ዘፈን ልምምድ ላይ ድምፃዊቷ «ዘፈኑ ይጎትተኛል» እያለች አላስኬድ አለችን። ሁላችንም ወደ ድራም ተጫዋቹ ዞርን፤ ምስኪኑ ልጅ ፍጥነቱን በመሣሪያ ሳይቀር ለካ፤ ልክ ነበር። ቆይቼ ሳዳምጥ ቤዝ ተጫዋቹ እያንዳንዱን ድምፅ እስከ ቀጣዩ ድረስ እንዲጮኽ እየተወው ኖሯል፤ በስድስት ስምንተኛው ምት ውስጥ መተንፈሻ የሚሆነው ክፍተት ሁሉ ተደፍኗል። ምንም ድምፅ አትቀይር፣ የግራ ጣትህን ብቻ ከክሩ ላይ ላላ አድርገህ ድምፁን ቀደም ብለህ ዝጋው አልኩት። አራት መስፈሪያ እንደሄድን ድምፃዊቷ ወደ ድራሙ ዞራ «አሁን ምን ቀየርክ?» አለችው። ድራመኛው ምንም አልቀየረም። ትከሻዋ ግን መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

ይህ ታሪክ የቤዝን ዕጣም ያሳያል፤ ሲሳሳት ጥፋቱ ሌላ ሰው ላይ ይለጠፋል፤ ሲያምርም ምስጋናው ሌላ ሰው ዘንድ ይሄዳል። ይህን ካልቻልክ ከወዲሁ ብታውቀው ጥሩ ነው። በዲትሮይት የሞታውን የሙዚቃ ኩባንያ አጃቢ የነበረው ጄምስ ጄመርሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓለም በጨፈረባቸው ብዙ ዘፈኖች ላይ ቤዙን የተጫወተ ሰው ነው፤ የአጃቢዎቹ ስም ግን ለዓመታት በሸክላው ልባስ ላይ አይጻፍም ነበር። ከኮንትራባስ፣ ማለትም አቁመው ከሚጫወቱት ትልቅ ቤዝ፣ የመጣ ሰው ስለነበር የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ብቻ ይጠቀማል። በአንድ ጣት! እኛ አገር ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ በአውራ ጣት ክር መግረፍ ካልተማርኩ ብሎ ያስቸግረኛል።

«መውረድ» ላልከው ደግሞ ሁለት ሰዎች ልጥቀስልህ። ፖል ማካርትኒ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ ቢትልስ ውስጥ ቤዝ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1961 የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሲለይና ሌላ የሚፈልገው ሲጠፋ ነው። ካሮል ኬይ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች የምትሠራ ጊታር ተጫዋች ነበረች፤ በ1963 የተቀጠረው ቤዝ ተጫዋች ሳይመጣ ቀርቶ ቤዙን ያዥ ተባለች፤ ከዚያ በኋላ የሚፈልጓት ለቤዙ ሆነ። ሁለቱም እንደ አንተ ክፍተት ለመሙላት ነው የገቡት። ከጊታር ይዘውት የመጡት የዜማ ስሜት በቤዛቸው ላይ በግልጽ ይሰማል።

የሁለቱ መሣሪያዎች ድርሻ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ማየት ከፈለግህ ሬጌን ስማ። ጊታሩ ከምቱ ውጭ ባለው ቦታ ላይ አጠር አድርጎ «ችክ» ብሎ ይመለሳል፤ የከበሮ ሥራ ነው የያዘው። ዜማውን የሚያዜመው ቤዙ ነው። ከቦብ ማርሌ ጋር የተጫወተው አስተን ባሬት ያለበትን ማንኛውንም ዘፈን ክፈትና ድምፃዊው ዝም ሲል ምን ታንጎራጉራለህ? ቤዙን። እዚያ ጊታርና ቤዝ ወንበር ተቀያይረዋል፤ ማንም ወረደ የሚል የለም።

ቤዝ የማይችለውንም ልንገርህ፤ አለዚያ ሻጭ እመስላለሁ። ቤዝ ብቻውን ሙሉ ዘፈን ይዞ ለመቆም በጣም ይቸገራል፤ ጊታርህን ይዘህ ብቻህን ድምፃዊ ማጀብ ትችላለህ፤ በቤዝ ይህን የሚያደርጉ ጥቂቶች ናቸው። የቤዝ ሶሎ በአብዛኛው አዳራሹን ያቀዘቅዛል፤ ጃኮ ፓስቶሪየስ በ1976 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ፍሬት (አንገቱ ላይ ድምፆቹን የሚለዩት የብረት መስመሮች) በሌለው ቤዝ ያሳየውን ሰምተው «እኔም» ያሉ ብዙዎች ባንዳቸውን ያለ መሠረት አስቀርተዋል። ፍሬት የሌለው ቤዝ እንደ ማሲንቆ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት ስለሚችል ለትዝታ እጅግ ያምራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሊዮ ፌንደር በ1951 ፍሬት ያለውን ቤዝ ሠርቶ «ፕሪሲዥን» ማለትም «ልከኛ» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጣትህ በጥቂቱ ብትስት ባንዱ በሙሉ ቅኝቱ የፈረሰ ይመስላል። ሁለት ዓመት ይቆይ።

ባለ አምስት ክር አትግዛ። አምስተኛው ወፍራም ክር በሰከንድ ወደ 31 ርግብግቢት ይወርዳል፤ የምትጫወቱበት ሆቴል ስፒከር ያንን ያወጣል ብዬ አላምንም። የምትከፍለው ለማይሰማ ድምፅ ይሆናል። ያገለገለም ቢሆን አንገቱ ያልተጣመመ ባለ አራት ክር ፈልግ፤ እጅህ ትንሽ ከሆነ ወይም የእጅ አንጓህ ከታመመ 76 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭር ቤዝ አለ፤ ማፈሪያ አይደለም። ሕመም ከተሰማህ ደግሞ አቁም፤ በሕመም ላይ መለማመድ ጉብዝና አይደለም። ቤዙን በጊታር አምፕሊፋየርህ አስጩኸህ አትጫወት፤ በዝቅተኛ ድምፅ ለብቻህ ብትለማመድ ይታለፋል፤ ባንድ ውስጥ ግን ስፒከሩ ለእንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ስላልተሠራ ሊቀደድ ይችላል። ጊታርህን አንድ ኦክታቭ አውርደህ ቤዝ ላድርገው ማለትንም ተው፤ ክሩ ልብስ ማስጫ ይሆናል። በመጨረሻ፣ ቤዝ በትንሽ ክፍል ውስጥ አታላይ ነው። የወፍራሙ ክር የድምፅ ሞገድ ከስምንት ሜትር ይረዝማል፤ ከክፍሉ ሊበልጥ ይችላል። ጥግ ላይ ሲጮኽብህ መሐል ላይ ሊጠፋ ይችላልና ድምፁን ከመጨመርህ በፊት ክፍሉን ዞረህ ስማ።

ስለዚህ ቤዙን ተቀበል። በግማሽ ልብ ሳይሆን ለአንድ ዓመት፤ ጊታርህን ሳትሸጥ። ይህን የምልህ ባንድህ ስለተቸገረ አይደለም፤ ሦስት ዓመት ጊታር ተጫውተህ ቤዙን ሰምተህ የማታውቅ ከሆነ እስካሁን የባንድህን ግማሽ አልሰማኸውም፤ ወደ ጊታር ብትመለስም የሚጠቅምህ ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሶሎ አትጫወት፤ ክር መግረፍም አትማር። ልምምዳችሁን በሙሉ ቅዳና ቤትህ በጆሮ ማዳመጫ ስማ፤ የምትሰማው ድምፆቹ የት እንደጀመሩ ሳይሆን የት እንዳበቁ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን ከድራም ተጫዋቹ ጋር ሁለታችሁ ብቻ ተገናኙ፤ ድምፃዊም ኪቦርድም አይኑር። ዓመቱ ሲያልቅ አሁንም ሌሊት የምታልመው ክር ማጠፍንና ከድምፃዊው ጋር መነጋገርን ከሆነ ጊታር ተጫዋች ነህ ማለት ነው፤ ያኔ ቤዝ ተጫዋች ፈልጉና ተመለስ።

በፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ከድምፃዊው አጠገብ ካለው የለመድከው ቦታህ ተነሣ። የድራም ተጫዋቹ ትልቁን ከበሮ የሚመታበት ቀኝ እግር ሳይከለልብህ የሚታይህን ቦታ ፈልገህ እዚያ ቁም፤ የመጀመሪያውን ዘፈን ከዚያ እግር ላይ ዓይንህን ሳታነሣ ተጫወተው።